የሞርሞን ቤተ መቅደስ በቆየ ከተማ ውስጥ፤ ማማን ስለ መትከልና ስለ መተው

በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት የተመሠረተው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ሞርሞን በሚለው ስም ነው። ማኅበሩ ከ2018 ወዲህ በሙሉ ስሙ እንዲጠራ አጥብቆ ጠይቋል፤ እኛም ጥያቄውን ሳንዘነጋ፣ ጽሑፉ እንዳይረዝም ስንል ብቻ በአጭሩ ስም እንጠቀማለን። ይህ ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላው ሃይማኖት በሮማ ከተማ ዳርቻ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አቅራቢያና በፊላደልፊያ ከተማ መካከል ቤተ መቅደስ ሠርቷል። አዲስ መጤ የሆነ የአምልኮ ቤት በቆየ ሰፈር ውስጥ ሲቆም ምን መልክ ይዞ መቆም ይገባዋል? የሰፈሩን መልክ ይቅዳ? የራሱን ይዞ ይምጣ? ወይስ ከራሱ አንድ ነገር ቀንሶ ይግባ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሞርሞኖች እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት በቤተ መቅደስ ውስጥ አይደለም። ለዚህ የሚያገለግላቸው በየሰፈሩ ያለ ተራ የጸሎት ቤት ሲሆን ወደዚያ ማንም ሰው መግባት ይችላል። ቤተ መቅደስ የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ እሑድ ይዘጋል፤ በሌሎቹ ቀናት ስለ ሙታን የሚደረግ ጥምቀት፣ የቃል ኪዳን ሥርዓትና ባልና ሚስትን ለዘለዓለም ያጣምራል የሚሉት ጋብቻ ይፈጸምበታል። ለመግባትም ከማኅበሩ አለቆች የተሰጠ የምስክር ወረቀት መያዝ ግድ ነው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ሲከፈል ምእመኑ እስከ አንድ ወሰን ድረስ እንደሚገባ እናውቃለን፤ በሞርሞኖች ዘንድ ለውጭ ሰው ወሰኑ የሕንጻው የውጭ በር ነው ብንል ነገሩ ለአንባቢያችን ይቀርባል። ሕንጻው ተሠርቶ ሲያልቅ ለጥቂት ሳምንታት ለማንኛውም ተመልካች ክፍት ይሆናል፤ ከተመረቀ በኋላ ግን ለማኅበርተኞች ብቻ ነው። እንግዲህ ከተማው የሚያውቀው ግድግዳውን፣ ግቢውንና ማማውን ነው። የእኛም ጥናት በውጭው መልክ ላይ የሚያተኩረው ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በ1836 በኦሃዮ ግዛት በከርትላንድ ተመረቀ። ሁለተኛው በኢሊኖይ በናቩ በ1846 ተፈጸመ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1848 ተቃጠለ። በሶልት ሌክ ከተማ የሚገኘው ትልቁ ቤተ መቅደስ ግን ከ1853 እስከ 1893፣ አርባ ዓመት ሙሉ ፈጅቷል። ስድስቱ ማማዎቹና በምሥራቁ ማማ ጫፍ ላይ የቆመው በወርቅ የተለበጠ መለከት ነፊ መልአክ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ የሞርሞን ቤተ መቅደስ ትክክለኛ መልክ ሆነው ቀርተዋል።

ሆኖም ይህ መልክ የሃይማኖቱ ሕግ አይደለም። በሃዋይ ደሴት በላዬ በ1919 የተመረቀው ቤተ መቅደስ ማማ የለውም። ሃይረም ፖፕና ሃሮልድ በርተን የተባሉ ሁለት የሕንጻ ነዳፊዎች ዝቅ ብሎ በደረጃ ደረጃ የሚነሣ ሕንጻ ነደፉ፤ ኮንክሪቱም የተፈጨ የደሴቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለበት ነው። እነዚሁ ሰዎች በካናዳ በካርድስተን የነደፉት፣ በ1923 የተመረቀው ቤተ መቅደስም ማማ የለውም፤ የፍራንክ ሎይድ ራይት ትምህርት እንደ ደረሳቸው በግልጽ ይታያል። በ1927 በአሪዞና በሜሳ የተመረቀው ሦስተኛው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ተመልሶ ይመጣልና።

በ1955 በስዊስ አገር፣ ከበርን አጠገብ፣ በአውሮፓ ምድር የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ተመረቀ። ለእኛ ጉዳይ ከውጭ መልኩ ይልቅ በውስጡ የተደረገው ለውጥ ይበልጣል። ቀድሞ በታላላቆቹ ቤተ መቅደሶች ሥርዓቱን የሚከታተሉ ሰዎች ግድግዳቸው በሥዕል ካጌጠ ክፍል ወደ ክፍል እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር። በበርን ግን በአንድ ሕንጻ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መገልገል ስለ ነበረባቸው ሥርዓቱ በፊልም ተቀርጾ በአንድ ክፍል ውስጥ መታየት ጀመረ። በዚህም ቤተ መቅደሱን በትንሽ ስፋት፣ በተመሳሳይ ፕላን በየትኛውም አገር መሥራት ተቻለ። በ1998 ማኅበሩ ትንንሽ ቤተ መቅደሶችን በብዛት ለመሥራት ሲያስብ፣ እስከ 2000 መጨረሻም ቁጥራቸውን መቶ ለማድረስ ሲያቅድ፣ መንገዱን የጠረገለት ይህ ለውጥ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን ውስጡ በየአገሩ አንድ ዓይነት በሆነ መጠን የአገሩን መልክ የመያዝ ሸክም ሁሉ በውጭው ግድግዳ ላይ ወደቀ። የዛሬዎቹ ነዳፊዎች ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

የሜክሲኮ ከተማ ቤተ መቅደስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ኤሚል ፌትዘር የነደፈው ይህ ሕንጻ በ1983 ታኅሣሥ ተመረቀ፤ ነጭ ግድግዳው በጥንት የማያ ሕንጻዎች አምሳል በተቀረጸ ጌጥ ተሸፍኗል። እዚህ ላይ መቅዳቱ ለጎረቤት አክብሮት ብቻ ተብሎ አልተደረገም። ሞርሞኖች የሚቀበሉት በ1830 የታተመው መጽሐፈ ሞርሞን ከአይሁድ አገር ተነሥተው ወደ አሜሪካ ስለ ተሻገሩ ሕዝቦች ይተርካል። ጆን ሎይድ ስቲቨንስ ስለ ማያ ፍርስራሾች የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ በ1841 ሲወጣም በናቩ የነበሩ ሞርሞኖች ፍርስራሾቹን ከመጽሐፋቸው ታሪክ ጋር ለማገናኘት ጊዜ አልወሰዱም። ማኅበሩ ታሪኩ በየት ስፍራ እንደ ተፈጸመ ይፋ ውሳኔ አልሰጠም፤ የማያን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንትም ይህን ዝምድና አይቀበሉም። ሕንጻው ግን በድንጋይ ቋንቋ ዝምድናውን ይናገራል። ከሌላ ሕዝብ ታሪክ ጌጥ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ በጌጡ አማካይነት ያን ታሪክ የራስ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛዎቹ የሜክሲኮ ምእመናን ከአገሬው ተወላጅ የሚወለዱ ስለ ሆኑ በዚህ መልክ ክብር ቢሰማቸው አንፈርድባቸውም። እንደ ታሪክ ተማሪዎች ግን ልዩነቱን ሳናመለክት ማለፍ አልቻልንም።

ቀጥለን ወደ ማማው ነገር እንመለስ። በቦስተን ከተማ አጠገብ ባለችው በቤልሞንት ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደስ ሲሠራ ጎረቤቶች ማማው ከከተማዋ የሕንጻ ከፍታ ደንብ ያልፋል ብለው ከሰሱ። የበታች ፍርድ ቤት ለማማው የተሰጠውን ፈቃድ በ2000 ሻረው። ክርክሩ ያረፈው ማማ ለሃይማኖቱ አስፈላጊ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ስለ ነበር፣ ማማ የሌላቸው ቤተ መቅደሶች መኖራቸው ለከሳሾቹ ምቹ ማስረጃ ሆነ። ሕንጻው በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ያለ ማማ ተመረቀ፤ የዕቅዱ መቶኛው ቤተ መቅደስም ይህ ነበር። በ2001 የማሳቹሴትስ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት የበታቹን ውሳኔ ገለበጠ፤ የአንድ ሕንጻ ክፍል ለአንድ ሃይማኖት ያስፈልጋል ወይም አያስፈልግም ብሎ መወሰን የዳኛ ሥራ አይደለም አለ። ማማውም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተተከለ። በሕግ በኩል ውሳኔው ትክክል ነው እንላለን፤ ዳኛ የሥርዓተ አምልኮ ሊቅ ሆኖ ሊቀመጥ አይገባውምና። የሕንጻ ጥበብ ጥያቄ ግን በፍርድ አልተፈታም። መብት ያለው ሰው መብቱን ሁሉ ሊጠቀምበት ይገባል ወይ የሚለው እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ያገኘነው በፈረንሳይ አገር ነው። የፓሪስ ቤተ መቅደስ የሚባለው በእውነቱ ያለው ከፓሪስ ውጭ፣ ከቬርሳይ ጋር በምትዋሰነው በለ ሼኔ ነው። በ2011 ዕቅዱ ሲገለጽ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ተቃወሙ። በፈረንሳይ ከ1943 ጀምሮ በታወቀ ታሪካዊ ሕንጻ ዙሪያ፣ በመሠረቱ እስከ 500 ሜትር ድረስ፣ የሚሠራ ቤት ሁሉ በመንግሥት የሕንጻ ባለሥልጣን ይመረመራል፤ ለቬርሳይ የተደረገው ጥበቃ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። ስለዚህ ቤተ መቅደሱ ከፍታው ተገድቦ ያለ ማማ፣ ያለ ወርቅ መልአክም ተሠራ፤ በ2017 ግንቦት 21 ቀን ተመረቀ። በማማው ፈንታ ነዳፊዎቹ የደከሙት በግቢው ላይ ነው። አትክልቱ በሥርዓት የተተከለ ነው፤ በመካከሉም ቶርቫልድሰን የተባለው የዴንማርክ ቀራጺ የሠራው የክርስቶስ ሐውልት ቅጂ ቆሟል። ከአጥሩ በስተጀርባ የሉዊ 14ኛ ዘመን የአትክልት ጥበብ በተስፋፋበት አገር ለጎረቤት የሚገባ ሰላምታ ቢኖር ይህ ይመስለናል። ሕንጻው ከቬርሳይ ምንም ዓምድ አልተዋሰም፤ ቁመቱን ዝቅ አድርጎ ገባ። ላዬና ካርድስተን ከመቶ ዓመት በፊት ያሳዩት ትሕትና ነው የተመለሰው፤ ያኔ ግን በፈቃድ ነበር፣ አሁን በግድ።

ፊላደልፊያ ለእኛ ሐሳብ ትንሽ ያስቸግራል። በ2016 መስከረም 18 ቀን የተመረቀው የዚህ ከተማ ቤተ መቅደስ በሎጋን አደባባይ፣ በ1864 ከተፈጸመው የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ካቴድራል አቅራቢያ ቆሟል። ሁለት ማማዎች አሉት፤ መልኩም በ1776 የነጻነት መግለጫ የጸደቀበትን አዳራሽ ያስታውሳል። በ21ኛው ክፍለ ዘመን የ18ኛውን መቅዳት ምን ይጠቅማል የሚል ነቀፌታ ቢነሣ አንገረምም። ነገር ግን አደባባዩን ቀረብ ብሎ ላየው፣ በዚያው ጎን ያሉት የ1927 ቤተ መጻሕፍትና የ1941 ፍርድ ቤት ራሳቸው በፓሪስ የኮንኮርድ አደባባይ ላይ ያሉትን መንትያ ሕንጻዎች አስመስለው የተሠሩ ናቸው፤ የጎዳናውንም ፕላን ያወጣው ዣክ ግሬቤር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በመቅዳት በተሠራ ሰፈር ውስጥ አዲስ ቀጂ ቢጨመር ከባህሉ ወጣ ለማለት ያስቸግራል። ሰፈሩ ትልልቅ ሕንጻና ማማ የለመደ ስለ ሆነም ከተማው በዚህ እንግዳ አልተጨነቀም።

አሁን ወደ ሮማ እንምጣ፤ ነገሩ ከሁሉ የሚወሳሰበው በዚህ ነውና። ሞርሞኖች በጣልያን አገር አዲስ አይደሉም፤ ሎሬንዞ ስኖ የተባለ ሐዋርያቸው በ1850 በፒየሞንት ተራሮች በዋልዴንሳውያን መካከል ስብከት ጀምሮ ነበር። ሥራው በ1867 ተቋረጠ፤ እንደገና የተነሣው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። የጣልያን ምእመናን ለሥርዓታቸው እስከ በርን ድረስ ይጓዙ ነበር። በ2008 የሮማ ቤተ መቅደስ ዕቅድ ተገለጸ፤ በ2010 መሠረቱ ተቆፈረ። በ2012 የጣልያን ፓርላማ ከማኅበሩ ጋር የተደረገውን ስምምነት በሕግ አጸደቀ፤ ይህ ለአንድ ትንሽ ማኅበር ቀላል ነገር አይደለም። በ2019 መጋቢት 9 ቀን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጋር ተገናኙ፤ በማግስቱ ምረቃው ተጀመረ።

ነዳፊው ኒልስ ቫለንቲነር የሕንጻውን የፊት ግድግዳ ሲሠራ ያሰበው ቦሮሚኒ በአራቱ ምንጮች መገናኛ የሠራውን የሳን ካርሎ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ በ1638 የተጀመረ ሥራ በሕንጻ ታሪክ ተማሪ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጣሪያው ሞላላ፣ ግድግዳው እየሰረጎደና እየወጣ እንደ ማዕበል የሚሄድ ነው። በቤተ መቅደሱ ውስጥም ሞላላ ቅርጽ ደጋግሞ ይታያል፤ ምንጩ ደግሞ ማይክል አንጀሎ የነደፈው የካምፒዶልዮ አደባባይ ንጣፍ ነው። ስለዚህ ንጣፍ አንድ ነገር ማንሣት ይገባናል፤ ንድፉ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ይሁን እንጂ ድንጋዩ የተነጠፈው በ1940 ነው። በሮማ ጥንታዊ የምንለው ነገር ሁሉ እንደምናስበው ጥንታዊ አይደለም።

እኛን የማያረካን ግን ሌላ ምክንያት ነው። ቦሮሚኒ ግድግዳውን ያጠማዘዘው ለመዋብ ብቻ አይደለም፤ ቦታ አጥሮት ነበር። የተሰጠው መሬት ጠባብ ማዕዘን ነው፤ ገዳሙ ድኻ ነው፤ መንገዱም ሰፊ አልነበረም። ማዕበሉ የመጣው ከጥበቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሞርሞን ቤተ መቅደስ ግን ከሮማ ታላቁ የቀለበት መንገድ አቅራቢያ፣ 6 ሄክታር በሚያህል ግቢ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። የሚጋፋው ጎረቤት የለም፤ ገፍቶ የሚመልሰውም የለም። በዚያ የችግር መፍትሔ የነበረው በዚህ ጌጥ ሆነ። ድንጋዩም ቢሆን የጥንት ሮማ ሕንጻዎች በብዛት የተሠሩበት የቲቮሊ ትራቨርቲኖ አይደለም፤ ከሰርዴንያ ደሴት የመጣ ነጣ ያለ ግራናይት ነው። ሥራው የተጠነቀቀ፣ የእጅ ጥበቡም የላቀ መሆኑን አንክድም። ሮማን በማክበር እንደ ተሠራም እናምናለን። ነገር ግን አክብሮቱ ከቦታው ጋር ሳይሆን ከመጽሐፍ ላይ ካለ ሥዕል ጋር የተደረገ ይመስላል።

በዚያው ግቢ፣ ከቤተ መቅደሱ ውጭ፣ ማንም ሊያየው በሚችለው የእንግዶች መቀበያ ቤት ውስጥ ያለው ነገር የበለጠ እውነተኛ ዝምድና አለው። በትልቁ መስተዋት በስተኋላ የቶርቫልድሰን ክርስቶስና የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሐውልቶች ቅጂ ቆሟል። ዋናዎቹ ያሉት በኮፐንሃገን በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ በማሽን ተለክተው በካራራ ዕብነ በረድ ተቀረጹ። ቶርቫልድሰን ከ1797 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል የኖረው በሮማ ነው፤ ክርስቶስንና ሐዋርያቱንም በጭቃ የቀረጻቸው በሮማ በነበረው መሥሪያ ቤቱ ነው። ሰውየው ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዩስ 7ኛን መቃብር ሠርቷል። የእነዚህ ሐውልቶች ቅጂ ወደ ሮማ መምጣቱ ወደ ተወለደበት ቤት መመለስ ነው። ከሌላ ሃይማኖት የሆነ እንግዳ በሮማ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈለግ ከቦሮሚኒ ይልቅ ቶርቫልድሰን ይቀርባል፤ ነዳፊዎቹ ይህን አስበውት ይሁን አይሁን፣ ትምህርቱ በግቢያቸው ውስጥ አለ።

በመጨረሻ ማኅበሩ በራሱ ታሪክ መካከል ሲሠራ ያደረገውን መመልከት ይገባል። በዩታ ግዛት በፕሮቮ ከተማ በ1883 ተጀምሮ በ1898 የተፈጸመ ትልቅ የጡብ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነበረ። በ2010 ታኅሣሥ 17 ቀን ተቃጠለ፤ ከውጭው ግድግዳ በቀር የተረፈ አልነበረም። አፍርሶ ሌላ መሥራት ይቀል ነበር። በ2011 ግን ግድግዳው እንዳለ ቤተ መቅደስ እንዲሆን ተወሰነ። ጡቡ ከውስጥ በኩል በኮንክሪት ተደገፈ፤ ግድግዳውም በሙሉ በብረት ምሰሶዎች ላይ ተሸክሞ ከሥሩ ያለው አፈር ወደ ታች እስከ 12 ሜትር ያህል ተቆፈረ። ለብዙ ወራት መንገደኛው ያየው የነበረው በአየር ላይ የተንጠለጠለ የጡብ ቤት ነበር። በ1917 ጣሪያው ስላልቻለው የወረደው የመካከሉ ማማም እንደገና ተሠራ፤ በ2016 መጋቢት ተመረቀ። እዚህ ደግሞ ግዴታው ግድግዳው ራሱ ነበር፤ ነዳፊዎቹም በግዴታው ውስጥ ከፍ ያለ ሥራ ሠሩ።

ይህ ጥንቃቄ ግን ዘወትር አልተጠበቀም። በ1888 በተመረቀው በማንታይ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሚነርቫ ታይከርት የተባለች ሠዓሊ በ1947 የሣለቻቸው የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። በ2021 መጋቢት ማኅበሩ ሥርዓቱን በፊልም ለማድረግ ሲል ሥዕሎቹ እንዲነሡ ማሰቡን ገለጸ፤ በበርን የተጀመረው ለውጥ እስከ አሮጌዎቹ ቤተ መቅደሶች ደረሰ ማለት ነው። በሶልት ሌክም የነበሩት የግድግዳ ሥዕሎች በዚያው ዘመን ለዕድሳት ሲባል ተነሡ። የቦሮሚኒን ግድግዳ በሮማ የቀዳ ማኅበር የራሱን የሠዓሊ ግድግዳ በማንታይ ሊያነሣ መነሣቱ አስገርሞናል። ምእመናኑ ራሳቸው ለመኑ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሐሳቡ ተለወጠ። ማንታይ እንደ ነበረ ይቆይ፣ ለአዲሱ ሥርዓት ደግሞ በአቅራቢያው በኤፍሬም ከተማ ሌላ ቤተ መቅደስ ይሠራ ተባለ። የማንታይ ቤተ መቅደስ በ2024 ሚያዝያ እንደገና ተመረቀ፤ የታይከርት ሥዕሎችም በግድግዳቸው ላይ አሉ።